የአንድ እሾህ መግለጫ

ጀበል አኽዳር፣ ሳይቅ መንደር፣ የፈለጁ ውኃ ከሚሾልክበት፣
ምንጣፍ ላጥብ እንደወረድኩ፣ ከሮማኑ እርከን በስተግርጌው፣ ፍየል ከሚጠጣበት፣
ቀሚሴን ያዘኝ አንድ ነገር።
ዞር ስል ሰው የለም፤ እሾህ ነው፣ ከድንጋዩ ጋር የሚማከር።

ሦስት ዓመት ለአጥር አጨድኩት፤ ክንዴን ሦስት ዓመት ጫረ።
እኔ ስሙን አልጠየቅሁም፤ እሱም ስሜን ሳይጠይቅ ኖረ።

ዶክተር ረያ ከመስቀጥ መጣች፣ አጉሊ መነጽር አንጠልጥላ፣
ከጭቃው ላይ ተንበረከከች፣ አባያዋን ሰብስባ ጠቅልላ።
እሾሁን በጣቷ ቆጠረች፣ ከግንዱ እስከ ቅጠሉ አንገት፤
ቅጠሉን ገለበጠች፦ ጀርባው አመድማ፣ የፍየል ሆድ ልስላሴ ያለበት።
አበባው አምስት ቅጠል፣ እንደታጠበ ሸሚዝ ጭምድድ፤
ፍሬው ሲበስል አይጠቁርም፤ ወደ መዳብ ነው የሚሄድ።

«ከታወቁት አንዱም አይደለም» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
የተኛ ሕፃን ያለ ይመስል ከቁጥቋጦው አልጋ።

«እናንተ አገር ይኖራል?» አለችኝ። «እንጆሪ አለ፣ ወንዝ ዳር፤
ዘመዱ ነው፣ እሱ ግን አይደለም። ያኛው ከንፈር ያጠቁር ነበር።»
«ቀምሰሽዋል?»
«መጀመሪያ ሆምጣጣ፣ ቀጥሎ ጨው ጨው፤
ጣፋጩ የሚመጣው፣ ሰው ሲረሳው ነው።»

ጻፈችው፣ ቃል በቃል።
እዚህ አገር ከአፌ የወጣ ነገር ሲጻፍ የመጀመሪያዬ ነው።

በጋዜጣ መሐል ስታስተኛው ጣቴን ወጋኝ፣ ጫፉን ስይዘው፤
ጠብታዋ ገጹን አቀላችው።
«ወረቀቱ ይቀየር?» አልኳት።
«ተይው።»

ማዳም ከላይ ትጣራለች። ምንጣፉ እንደረጠበ ነው።
ከአጥሩ ሥር የቀረውን
ነገ ልጨደው፣ ወይስ ልተወው?