ባለጋኑ

በጥቅምት ኦታሪ የጋኑን አፍ ከድኖ፣
አፈር አለበሰው፣ በጭቃ አሽጎ፣ ደፍኖ።
በጥር ራሱ ለበሰ።
ካኬቲ ምድር ላይ፣ ከአላዛኒ ማዶ፣
ከላይ ያያቸዋል የካውካሰስ በረዶ።

ሚያዝያ ሲገባ ላምዚራ ዶማ አነሳች፤
ጋኑን ብቻ ቆፍራ ሌላውን ተወች።

ሳፔራቪ ቀዳች፦ ጥቁር፣ ጥርስ የሚያቀልም፣
ምላስ ጨምድዶ የሚይዝ፣ ለባዶ ሆድ የማይጥም።
የተገረዘ ሐረግ አንድዳ በግ ጠበሰች፣
ጎምዛዛ የፕሪም ስጎ ከጎኑ አፈሰሰች።
ጢሱም ከዚያው ግንድ፣ ጠጁም ከዚያው ግንድ፤
እናትና ልጅ ተያዩ በአንድ ማዕድ።

ጎረቤቷ ጉራሚ ጽዋውን አንሥቶ፣
«ነፍስ ይማር» ሊል ሲል፣ እንባው ድምፁን ዘግቶ፣
ወይን ጠጅ በሆነ መዳፏ እጁን ያዘች፦
«ቅድሚያ ሥጋውን ጉረስ፤ ሕጉ የሱ ነው» አለች።