የሸክላው ሳል

ዱላ እየሰበረ ስታዲየም ያናወጠ
ወንድሜ ዴንዚል፣ ያን ማታ ከረባት አስሮ ተቀመጠ፤
ከአሥራ ሦስት ነፊዎች ኋላ፣
ቆዳውን በብሩሽ ሊዳብስ፣ እንደ ሕፃን ገላ።

ሸክላው ይኸው፦ በርሚንግሃም፣ በረዷማ የካቲት፣
ሁለተኛው ገጽ፣ ከማብቂያው ትንሽ በፊት፣
ትሮምቦኖቹ አርፈው ሲቀር ብሩሹ፣
አንዴ፣ ሁለቴ ይስላል፣ አንድ ሰው ከአዳራሹ።

የድምፅ ባለሙያው «ልቁረጠው?» አለ። ዴንዚል፦ «ተው።»
አባታችን ነው።
ብረት ማቅለጫ ሳንባውን የጨረሰው፣
ጋራዡን በመዶሻ እየደበደበ «በቃህ!» ሲል የኖረው፣
አንድም ቀን ለሮኩ ከደጃፍ ያልወጣ፣
ያን ማታ ትኬት ቆርጦ፣ ሳይነግረን የመጣ።

አሁን መርፌው ወደዚያች መስመር ሲጠጋ
ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ አደርጋለሁ።
ጎረቤቴ ግድግዳዬን ይደበድባል፤
ምቱን ሳይስት።