አንድ መስመር

ሃያ ስድስት ዓመት በዚች ወንበር ላይ
ማኅተም ስመታ፣ ውጤት ስለይ፣
ኩልና ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት፣
ከሚንቋቋ ማራገቢያ ሥር፣ ከወረቀት ክምር ፊት፣
እንዲህ ያለ ጽሑፍ ገጥሞኝ አያውቅም፤
ስሙ ሞልቶ ፈሷል፣ መስመሩ አልበቃም።

ቅጹ ግልጽ ነበር፤ እኔው ነኝ ያባዛሁት፦
«የተማሪው ስም» ይላል፣ አንድ መስመር አለበት።
አንድ ስም። አንድ ቁጥር። አንድ ውጤት።
እነሱ ግን ዐሥር ስም ደረደሩበት፤
ከሁሉም በታች፣ ከወረቀቱ ጥግ ላይ፣
የአውራ ጣት አሻራ፣ ሐምራዊ፣ የሚታይ።

«ይሄስ የማን ነው?» አልኩ። ታንሞይ መለሰ፣
የምህንድስናው ልጅ፣ ጫማው በጭቃ የራሰ፦
«የጆሌኻ ቢቢ ነው።»
«ተማሪ ናት?»
«ጽሕፈት አታውቅም። ግን እሷ ናት ያስተማረችን።»

ነገሩ የውኃ ነው። በመንደሩ ጉድጓድ
ጥርት ያለ መርዝ አለ፣ ሽታም ጣዕምም የሌለው ጉድ።
አርሴኒክ ይሉታል። ቀስ ብሎ ነው ሚገድል፤
በፊት መዳፍ ላይ ነው ጠጠሩ ሚበቅል።

ታንሞይ ማጣሪያ ሠራ፣ ከአሸዋና ከዛገ ሚስማር፤
በቤተ ሙከራ ሲለካ፣ እንከን የለሽ ነገር።
ሸለሙት። በጋዜጣ ወጣ።
በሦስተኛው ወር ሊያየው መንደር ሲመጣ
ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋበታለች።

ያኔ ዶክተር መህፉዛ ከመድረኳ ወርዳ
«መልሱን አላውቀውም» አለች። ቃሉ እንግዳ፣
በዚያ አዳራሽ ውስጥ ተሰምቶ የማያውቅ ቃል።
ፈተና ላይ ቢጻፍ ዜሮ ያሰጣል።

ሕግ የምታጠናዋን፣ ሐኪም ሊሆን ዓመት የቀረውን፣
የሒሳቧን ልጅ፣ ተረት ሰብሳቢውን፣
በአንድ ጀልባ ጫነቻቸው። ሲነቃቀፉ፣ ሲናናቁ፣
የአንዱ ቃል ለሌላው ባዕድ፣ ወንዙን ዘለቁ።

ጆሌኻ ቢቢ ዓሣ እየበለተች ሰማቻቸው።
ሦስት ቀን ዝም አለች። በአራተኛው ጠየቀቻቸው፦
«ጉድጓዱን ቀይ የቀባችሁት ማናችሁ?
ቀይ የሙሽራ ነበር፤ ሙሽራ ነሳችሁን በቀለማችሁ።
ከቀይ ጉድጓድ ግቢ ልጅ የሚያጭ የለም።
በሌሊት አረንጓዴ እንቀባለን፤ ጠዋት እንጠጣለን፣ ምርጫ የለንም።
ማጣሪያውም፣ ልጄ፣ ከደጅ ይቆማል፤
ደጅ የቆመ ዕቃ ለጎረቤት ይናገራል።»

ታንሞይ አንገቱን ደፋ። ልኬቱ ልክ ነበር፤
የጎደለው ከልኬት የሚቀድመው ነገር።

እንዴት እንደ ዘለቁት ጽሑፉ ውስጥ አለ።
ማጣሪያው ጓዳ ገባ፣ የሩዝ እንስራ መሰለ፤
ቀለሙ ቀረና በቁጥር ተተካ፤
ሁሉም አልሰመረም፤ ሁለቱ አፈሰሱ፣ አንዱን ጎርፍ ነካ።
እሱንም ጽፈውታል፣ ዘጠኝ ገጽ ሙሉ።
ውድቀቱን አሥሮ የሚያስረክብ ተማሪ፣ በዚህ ሁሉ
ዘመኔ አላየሁም።

ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው። «አንድ ስም» አልኩ፣
«የማን ሐሳብ የት እንዳበቃ ለዩና አምጡ» ብዬ አዘዝኩ።
«ሞከርን» አለች የሕጓ ልጅ፣ ሽረያ።
«ሲገነጥሉት ይቀደዳል።»

ለመመለስ ብዬ ማኅተሙን አነሳሁ።
ታንሞይ መዳፌን አየ።
ሃያ ስድስት ዓመት ማኅተም እየጨበጥኩ የሸሸግኩትን፣
ጠጠር የበቀለበትን፣
ለሚስቴ እንኳ «የሥራ ነው» ያልኳትን።

ምንም አላለም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።
ልጁ ከእኔ አፍ እስኪወጣ ጠበቀ፤ ዝምታን ከማን ተማረ?
ከዚያ «መንደርዎ የት ነው?» አለ።

ቅጹን ገለበጥኩት። ጀርባው መስመር የለውም።
ማራገቢያው እንዳይወስደው ማኅተሙን ጫንኩበት፤
ከወንዝ ማዶ ያለውን መንገድ፣ የእናቴን ጉድጓድ፣
እየሣልኩለት አመሸሁበት።