አሽትተሽ እመኚ

ዝናቡ አባራ። ከብሎካችን ጀርባ፣ በጊቫት ሃሞሬ፣
ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ነጭ አበባ አየሁ ዛሬ።
ስድስት ስድስት ቅጠል፣ ሁሉም ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ
እንደ ጃንጥላ ሽቦ በየአቅጣጫው ተዘርግቶ።
ግንዱን በሁለት ጣቴ ላንከባልለው ስል እምቢ አለ፤
ሦስት ጠርዝ አለው ለካ፣ ክብ የመሰለኝ ተሳለ።

ሽንኩርት ይሆን?

ቄሱ አባቴ፣ ቆላ ስንወርድ፣ ከፊት ከፊት እየመራኝ፣
«ሽንኩርት ነኝ ያለ ሁሉ ሽንኩርት አይደለም» ሲለኝ፣
«የጅብ ሽንኩርት አለ፣ ራሱ የሕፃን ራስ የሚያህል፣
ቅጠሉ ሰፊ፣ የሚያምር፤ ሆድ ገብቶ የሚያቃጥል።
መልክ ለሁሉም ይታደላል፤ ዓይንሽ ቶሎ ይታለላል።
ጨምቂው። አፍንጫሽ ካልተቆጣ ጣይው፤ ይገድላል።
አሽትተሽ እመኚ።»

እዚሁ ቁልቁለት ላይ ደግሞ፣ አሥር እርምጃ ዝቅ ብሎ
የዚያው የጅብ ዘመድ ቆሟል ቅጠሉን እንደ ምላስ ጥሎ።
ሐጻቭ ይሉታል እዚህ። በመስከረም ያለ ቅጠል ያብባል፣
ረጅም ነጭ ሻማ አቁሞ «ክረምት ቀረበ» ያስብላል።

በሁለቱ መካከል ቆሜ ሳመነታ
አንዲት ሴት ከናይን በኩል መጣች፣ ፌስታል ይዛ፣ በዝግታ።
ኡም ዋኤል ነኝ አለች። ዕብራይስጧ እንደ እኔው ስብርብር።
ቅጠሉን በጥፍሯ ቀጨች፤ ጨምቃ፣ ካፍንጫዬ ሥር።
ዓይኔ አነባ።
«ቱም» አለች።
«ሹም» አልኩ፣ ከገበያ የለቀምኩትን።
ከዚያ፣ ከየት እንደ መጣ እንጃ፣
ከአርባ ዓመት ሥር፣ ከአባቴ ኦሪት፣
ምላሴ «ሶመት» አለ።
«ሶመት?» ብላ ሳቀች።

ያን ክፍል ሲያነብ የአባቴ ድምፅ ይሻክር ነበር፣
ሕዝቡ በምድረ በዳ የግብጽን ሽንኩርት ሲያነሣ፣ ሲያማርር።
«ለሽንኩርት ይለቀሳል?» ብዬ እስቅ ነበር ልጅ ሆኜ።
ይለቀሳል አባ። ይኸው፣ አንተ በናፈቅካት ምድር፣ እኔ።

በእጇ አስረዳችኝ፦ ክትፍትፍ፣ እንቁላል፣ መጥበሻ፤
ካይብ ጋር፣ ዘይት ጠብ አርጎ፣ ለቂጣ ማጥቀሻ።
ንብ ሲነድፍ፣ እንዲህ፣ ክንዷን አሸች።
ራሱን ግን አልቆፈረችም፤ የተገለጠውን
በጫማዋ ጫፍ አፈር አለበሰች።

ሦስት ቅጠል ይዤ ገባሁ። ሊፍቱ ውስጥ ጎረቤቴ
አፍንጫዋን ሸብሽባ «ምንድን ነው?» አለች።
ጣቴን ዘረጋሁላት።
አራተኛ ፎቅ እስክንደርስ
ከሦስቱ ስም የቱን እንደምሰጣት ሳልቆርጥ
በሩ ተከፈተ።