መልክ ምረጪ

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ አስፋልቱ ደክሞት ለኮረኮንች ሲያስረክብ፣
ብሎክ አርባ ሦስት ሥር ሱቅ አለችኝ፣ ጠባብ፤
ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት ጆይስቲክ፣ የአንዱ ግራ አይታዘዝም፣
«አንድ ጌም አሥር ብር። ዱቤ ነገ» የሚል ካርቶን፤ ሌላ ጌጥ የላትም።

ልጆቹ ደብተር በብብት፣ የታጠፈ ብር በመዳፍ፣
ከኳስ ይጀምራሉ፤ ከዚያ መኪና፤ ከዚያ ወደ ጦርነት ማለፍ።
በጦርነቱ ውስጥ አንድ ገበያ አለ፣ «አፍሪካ» የሚሉት፤
አቧራና ፍየል፣ የተቀደደ ሸራ፣ የፈረሰ ቤት፤
እኛን የሚመስሉ ይወጣሉ፣ ስም ሳይኖራቸው፣
እንደ ባሕር ዛፍ ቅጠል ይረግፋሉ፣ አልቃሽ ሳይቆምላቸው።
ልጆቹ ይተኩሳሉ።
እኔ ሒሳቤን እቆጥራለሁ።

አንድ ቀን ሮቤራ ጌሙን ቀጥ አደረገና፣
«ጋሽ ምንተስኖት፣ ፊደል አለ ግድግዳው ላይ፣ ና!»
እውነትም የኛው ነው፣ ከመድኃኒት ቤቱ በር በላይ፣
ጰ፣ ዥ፣ ቿ፤ አራተኛው ተዘቅዝቆ የሚታይ።
ከግራ አነበብን፣ ከቀኝ፤ ሮቤራ በእጁ ቆሞ ሞከረ፤
ቃል አልሆነም። ሩቅ ያለ እጅ፣ ማንበብ ሳያሻው፣ እንደ ጥለት ደረደረ።

ሳቅን። ዝም አልን። ከዚያ ልጆቹ ቃሉን ወሰዱት፤
ታክሲ ሲያመልጥ «ጰዥቿ»፣ ውሃ ሲጠፋ «ጰዥቿ» አሉት፤
ፈተና የወደቀ «ጰዥቿ ሆንኩ» ይላል፤
ትርጉም አልባው ቃል እኛ ሰፈር መጥቶ ትርጉም በዝቶበታል።

ሲፈን መተኮስ አትወድም።
ቅዳሜ ከሰዓት ሠላሳ ብር ዘረጋች፤ የምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።
«ሰው መሥራት ነው የምፈልገው።»
እንዲህ ያለ ጌም አለ፤ ገና ሲከፈት መልክ ነው የሚያስመርጠው፣
ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር።
እኔም በልጅነቴ፣ ከየኔታ እግር ሥር፣
መልክእ ደግሜአለሁ፦ ሰላም ለፀጉርሽ፣ ሰላም ለቅንድብሽ፣
ለአፍንጫሽ ሰላም፣ ለከንፈርሽ፤
ይኸኛውም በየአካሉ እንደዚያው ይወርዳል፣
ሰላምታው ብቻ ጎድሎታል።

«ጠይም የቱ ነው?» አለችኝ። ቁጥር ብቻ ነው፣ እስከ ሃያ አራት።
«ብስል ቀይስ? እናቴ ጠይም ናት፣
አባቴ ጥቁር፤ እኔን ጎረቤት የቀይ ዳማ ይለኛል፤
ሰው በቁጥር ይጠራል?»
አሥራ ሰባት አመድ ተነስንሶበታል፤ አሥራ ስምንት ከሰል፤
አገር ሙሉ ሰው በሁለቱ መሐል፣
በስንጥቁ ይኖራል።

ፀጉር፦ ለሌላው ሠላሳ፣ ለኛ ሦስት፤ የተላጨ፣ የተከመረ፣ ገመድ።
ጠባሳ ሞልቷል፣ የሰይፍ፣ የጥይት፣ የአውሬ፤ እሷ ግን የምትወድ
የኛን ዓይነት ነው፤ ያለ መደገፊያ ከተረከብነው ደረጃ
ተንከባልሎ የወደቀ ልጅ የሚያገኘውን ማስረጃ።
ፍንጭትም የለም። እዚያ አገር ጥርስ እንደ ቆርቆሮ አጥር ገጥሟል።
«ጀምሪ እንጂ! ሰዓትሽ አልቋል!»

ወንዶቹ ይጮኻሉ። እሷ አፍንጫ ትገፋለች፣ ጉንጭ ትመልሳለች።
ቀረብ ብዬ አየሁ፤ ፊቲቱ እሷን አትመስልም፤ በዕድሜ ትልቃለች።
«ማን ናት?»
«ያቺ ከመድኃኒት ቤቱ በር የምትወድቅ ሴት።
ሁሌ ትወድቃለች፤ ፊት ሠርቶላት ማንም አያውቅ።
ስም ልሰጣት ነው፤ ሲተኩሱ ማንን እንደሆነ ይወቁ።»

የስሙ ሣጥን ተከፈተ። ፊደላችንን አይቀበልም።
ሲፈን ጣቷን እንዳነሳች
መብራት ሄደ።

«ጰዥቿ!» አለ ሱቁ በአንድ ድምፅ። ሴቭ አላደረገችም።
አሥር ብር ልመልስላት ኪሴን ስዳብስ፣
ሮቤራ ባበራው ስልክ ካርቶኑን አየች።
«ዱቤ ነገ ይላል አይደል? ያዝልኝ» አለች።
የሴትዮዋን ስም ግን ሳትነግረኝ ወጣች።