የነፋሱ በር

በሰንደር ቤይ ከተማ፣ ከሐይቁ ዳር ወዲያ፣
መተዳደሪያዬ ነው የልብስ ማድረቂያ።
አልሸጥም፣ አልጠግንም፤ ትንፋሹን ነው የምጠብቅ፣
ከጓዳ እስከ ደጅ ድረስ ቱቦው እንዳይታነቅ።
ብናኝ ሲጠራቀም ይሞቃል፣ ይግላል፣
አንድ ቀን ያለ ክብሪት ቤት ያቃጥላል።
ብናኙን በብሩሽ ጠርጌ አወጣለሁ፤
ከወፍ ጋር ግን ገና እከራከራለሁ።

በሚያዝያ፣ በረዶው ከአጥር ሥር ሳይጠፋ፣
ክዳኑ የላላ ቀዳዳ አይታ በተስፋ፣
ትገባለች ድንቢጥ ጭራሮ ነክሳ፣
ማን አሞቀው ብላ ጥያቄ ሳታነሳ።

ወይዘሮ ሄልቪ ላህቲ ደውለው ነገሩኝ፦
«ፎጣ በሁለት ሰዓት አልደርቅ አለብኝ፤
ግድግዳው ይንጫጫል ጎሕ ሲቀድ፣ ማልዶ፤
ታውኖ ቢኖር ኖሮ . . .» ቀረ ቃሉ ከብዶ።

መሰላል አስደግፌ በቤቱ ጀርባ፣
ከባትሪዬ ጋራ ዓይኔ ቱቦው ገባ።
አንድ ክንድ የሚሞላ ሣር፣ ላባ፣ ቅጠል፣
መካከሉ ላይ ግን ስጠብቅ እንቁላል፣
አራት የተላጡ፣ ዓይናቸው ያልበራ፣
አፋቸው ብቻ ቢጫ፣ የሚጮህ በጋራ።
ከሣሩ መካከል ቀይ ሱፍ ተሸርቦ፣
እንደ ጥለት ዞሮ፣ ጎጆውን ከቦ።

«ምን አለ?» አሉ ከታች።
ትንሽ ክር መዝዤ መዳፋቸው ላይ ጣልኩ።
አገላበጡት።
«የታውኖ ሸሚዝ ነው፣ ዓሣ የሚያጠምድበት፤
በኅዳር ነው ያጠብኩት፣ ሆስፒታል የገባ ዕለት።»

የራሴ ደንብ አለኝ፤ ባዶ ጎጆ አፈርሳለሁ፣
አፍ ካለበት ግን መሰላሌን አጥፋለሁ።
«ሁለት ሳምንት ግድም ማሽኑን አይንኩት፤
እሳትና ሣር ነው አንድ ቤት ያሉት።»
«ልብሴንስ?» ቢሉኝ ገመድ ወጠርኩላቸው፣
ከበርች ዛፉ እስከ አጥር፣ ለአንሶላ ለፎጣቸው።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ደወሉ፦ «ጎጆ ወጡ!
ሦስቱ አጥሩ ላይ ናቸው፣ በነፋስ እየተቆጡ።
አራተኛው አልታየኝም።»
አራተኛውን እኔ አገኘሁት፣ ከሣሩ ሥር፣ ደርቆ።
አልነገርኳቸውም።

ብሩሹን ሰደድኩት፤ ሁለት ከረጢት ብናኝ፣
ልብስም አይደል፣ አመድም፣ ግራጫ፣ የሚያስነጥሰኝ።
«ወንፊት ምታበት» አሉኝ፤ አልተስማማሁም፤
ወንፊት ወፍ ይከለክላል፣ ብናኝ ግን አያሳልፍም።
የሽቦ ቀፎ አለ፣ ከጣት የማይሰፋ ክፍተቱ፣
ማጠፊያ ያለው፣ ለጽዳት የሚከፈት ፊቱ፤
ነፋስ ይወጣበታል፣ ድንቢጥ አትገባም፤
ደጅ ማለት ይኸው ነው፣ ለሁሉ አይከፈትም።

አራት ብሎን አሰርኩ። ማሽኑ ሲነሣ ክዳኑ ተነሣ፣ ሲቆም ወደቀ፤
ፎጣው በአርባ ደቂቃ ደረቀ።
ወይዘሮ ሄልቪ ግን ፎጣውን አላዩም፤
የፈረሰውን ጎጆ ጋዜጣ ላይ ዘርግተው፣
ቀዩን ክር ከሣሩ፣ ከላባው፣ ከኩሱ
በመርፌ ጫፍ ይለያሉ።
ሂሳቤን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ስልክ፦
«እናቲቱ መጥታለች፣ ጭራሮ ነክሳ።
ሽቦውን ትቆረቁራለች፤ ትዞራለች፤ ደግማ ትቆረቁራለች።
ልንገርህ ብዬ ነው፣ ሌላ ጉዳይ የለኝም።
ገመዱን ግን መጥተህ እንዳትፈታው።»

«እሺ» አልኳቸው።
ሌላ መሰላል ላይ ነበርኩ፣ ሌላ ሰው ግድግዳ፣
ስልኩ በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል፣
እጄ ሌላ ጎጆ ውስጥ፣
ባዶ ይሁን አይሁን ገና እየዳበስኩ።