የመጨረሻው መስመር

አባታችን ሆይ እላለሁ በአፌ፣
መዝጊያው ላይ ሲያንቃጭል ቁልፌ፤
ጸሎቱም ያልቃል፣ በሩም ይከፈታል፣
የቱ ቀድሞ እንዳለቀ ማን ይለየዋል?

ሥራዬ ዓይን መለካት ነው።
ሰው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሲከልል፣
እኔ በዘንጌ ሰሌዳው ላይ መስመር በመስመር ወረድ ስል፣
«ይሄስ? ከሥሩ ያለውስ? የመጨረሻው?»
አንዳንዱ ያያል፤
አንዳንዱ ይገምታል።
የሚገምተውን አውቀዋለሁ፦
ድምፁ ትንሽ ከፍ ይላል።

እሁድ ዕለት ጊዮርጊስ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣
ከምእመኑ መሀል ቆሜ፣
«እግዚኦ» ስል፣ ከሰው ሁሉ ጋር፣
የገዛ ድምፄን ሰማሁት
ትንሽ ከፍ ሲል።

ፒያሳ የፈረሰ ሰሞን ሱቃችንም አብሮ ወረደ፤
የአባቴ ምልክት፣ ያ ትልቅ የቆርቆሮ መነጽር፣
በጋሪ ተጭኖ አራት ኪሎ ሄደ።
አጥሩ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፦
«ተዛውረናል። ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ፣ ደረጃው ሥር።
ካጣችሁን ደውሉ።»
ዝናብ ቁጥሩን አጠበው። ሰው ግን አልቀረም፤
እየጠየቀ፣ እየተሳሳተ፣
ሌላ ሱቅ ገብቶ እየወጣ መጣ።

አንተስ የት ተዛወርክ?
ድሮ፣ በሰባት ዓመቴ፣ ብርድ ልብሴ ውስጥ ነበርክ፤
መብራት ሲጠፋ በሹክሹክታ ስጠራህ
ትንፋሼን የምትመልስልኝ ይመስለኝ ነበር።
አሁን ጾሙን እጾማለሁ፣ አሥራቴን እሰጣለሁ፣
ታክሲው በደጅህ ሲያልፍ
ከረዳቱ ጋር እኩል አማትባለሁ።
ወረቀት አልለጠፍክም።
ወይስ ለጥፈህ ነበር፣ ዝናብ ነው የበላው?

ትናንት ከሰዓት መሪጌታ ልሳነወርቅ መጡ፤
ጃንጥላቸው አንድ ጎኑ ተሰብሮ፣
ዳዊታቸው በፌስታል ተጠቅልሎ ከብብታቸው ሥር።
ወንበሩን ዳብሰው ተቀመጡ።
«ይሄስ, አባ?»
«ጭጋግ ነው።»
«ከፍ ያለውስ? ትልቁ?»
«እሱም ጭጋግ ነው፣ ልጄ።»
አልገመቱም።
ድምፃቸው ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

መስታወት በመስታወት ላይ እየደረብኩ
«ዳዊቱን በቃልዎ ያውቁት የለም እንዴ?» አልኳቸው።
«ስድሳ ዓመት አለፈው።»
«ታዲያ መነጽሩ ለምን?»
ዝም አሉ። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ሰማን።
«በቃሌ ስደግመው እኔ ነኝ የምናገር።
ሳነበው ግን እሱ ይቀድመኛል።
ፊደሉ ናፈቀኝ።»

ዋጋውን ሲሰሙ ደነገጡ።
ግማሹን ከፈሉ፣ ግማሹን ለመስከረም ቀጠሩኝ።
ሐሙስ ይደርሳል ስላቸው
እንደመጡ፣ ሳያዩ፣ ወጡ፤
ደረጃውን በእጃቸው እየቆጠሩ።

ማታ መብራት ሄደ። ሰሌዳው ጠፋ።
በወንበሬ ሳይሆን በነሱ ወንበር ተቀመጥኩ፣
አንድ ዓይኔን በመዳፌ ከለልኩ፣
ከዚያ ከጨለማው ፊት ለፊት፣ እንደሚያነብ ሰው፣ ቀስ ብዬ፦
አባ...
አባታ...
የሚቀጥለው አልታየኝም።
ሙሉውን ከሕፃንነቴ አውቀዋለሁ፤
ምላሴ ሊሮጥ ተነሣ፣ ያዝኩት።
አልገመትኩም።

ጨለማው ውስጥ ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ።
የታክሲ ሰልፍ ሳይረዝም ልውጣ ብዬ ተነሣሁ፤
መዝጊያው ላይ ቁልፌ
ለብቻው አንቃጨለ።